ጸበሉ ኃይል ጨመረ

ጭንጫ ማርያም፣ ላስታ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፅናት፤

ከዚህ ከወጣሽበት ቀን አንሥቶ የጠበቀሽ አምላክ ዛሬም አልተኛም ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ጥሩ ይዟል፣ ውርጭ ካልመታው።

ስልኩ ዛሬም አይሠራም። ይህን ደብዳቤ ለኪዳን ሰጥቼዋለሁ። ላሊበላ ከተማ ባለው ሆቴል የዕቃ ግዥ ሠራተኛ ነው፤ በአውሮፕላን አዲስ አበባ እየተመላለሰ ይሠራል። ከዚያ ሆኖ በፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። መልስሽንም በእሱ በኩል አድርጊው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማርያም ጸበል ከክረምት ወዲህ ኃይል ጨምሯል። አንቺ የምታውቂው ልስልሱ ውሃ አይደለም፤ መሯል፣ ከብዷል። የጠጣ ሰው ቅዳሴ እስኪያልቅ አይቆይም፣ ያስመልሰዋል። ሆድ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ ነቅሎ ያወጣል። ወሬው ኩልመስክ ደርሶ አሁን ከወገል ጤና ከተማ ሳይቀር በእግሩ የሚመጣ አለ። ማደሪያ አጣን። በላስቲክ ሥር የሚያድር ሕመምተኛ ከሕመሙ በፊት ብርዱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለመጠለያ የሚሆን ቆርቆሮ ብትረጂን ስምሽ ከጸሎት አይወጣም።

ሌላ ወሬ ደግሞ ላጫውትሽ። ደባሱን ታስታውሺዋለሽ፣ የንስሐ ልጄን፣ ፈረንጅ ያስጎበኝ የነበረውን። ጎብኚ ከቀረ ወዲህ ከጓደኞቹ ጋር የጽዳት ማኅበር አቁሟል። የከተማውን ቆሻሻ በአይሱዙ እየጫኑ ከእኛ በላይ ባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ ይደፋሉ። አምና ሥራ ሲጀምሩ “አባ፣ ካባችንን ይባርኩልን” ብሎ ቢያስጠራኝ፣ ልብስ ያሰፋልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ያሳየኝ ጉድጓድ ነው። ባረክሁት። እንጀራቸው ነው።

እናትሽ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ቄስ ገብረ ሊባኖስ

*

ካሰል፣ ጀርመን
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፤

በሩቅ ሆኜ መስቀልዎን ተሳልሜያለሁ። እጅዎ ከመስቀል፣ ደጅዎ ከሰው አይለይ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። “ውሃ ትመረምራለች” ነው የሚባለው፣ ውሸትም አይደለም። እዚህ ከከተማው ዳር ቆሻሻ የተቀበረበት ኮረብታ አለ። ሣር በቅሎበታል፣ በጎች ይግጡታል፣ የማያውቅ ሰው ጉብታ ነው ይላል። ቆሻሻ መድፋት ያቆሙት እኔ ሳልወለድ ነው። ዛሬም ከሥሩ የከረመ ሻይ የመሰለ ውሃ ይወጣል። ዝናቡ ከላይ ይገባል፣ በቆሻሻው መካከል ያልፋል፣ ያገኘውን ሁሉ አሟሙቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሥራዬ በዙሪያው ከተቆፈሩት ጉድጓዶች እየቀዳሁ፣ ያ ውሃ ሰው ከሚጠጣው ጋር አለመገናኘቱን ማረጋገጥ ነው።

አሁን ለምን ይህን እንደጻፍሁልዎ ይገባዎታል።

ቆርቆሮውን አልዘነጋሁትም። አስቀድመው ግን ይመልሱልኝ። ጸበሉ መምረር የጀመረው ካባው ከመከፈቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሲቀዳ አረፋ ይይዛል? ዝናብ ሲጥል ሽታው ይለወጣል? ካባው ከምንጩ ምን ያህል ይርቃል? የሚደፋው ምንድን ነው? ከጤና ጣቢያ የሚመጣ፣ ባትሪ፣ የተቃጠለ ዘይት አለበት? የቦታው ጠባይ ስሙ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ጭንጫ ነው፤ ጭንጫ ውሃ አይዝም።

መልስዎ እስኪደርሰኝ ሰው ባይጠጣው እወዳለሁ።

ሌላም አለ። እናቴ ሰላም ብላ ብቻ አታውቅም። በጎረቤታችን ልጅ በማኅሌት እጅ ሁለት ገጽ ሙሉ ታስጽፋለች፣ ግማሹ ስድብ ነው። ምነው ዘንድሮ አሳጠረች?

ልጅዎ ፅናት

*

ጭንጫ ማርያም
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅናት፤

ጥምቀትን ያሳየን አምላክ አንቺንም አይርሳ። ደብዳቤሽ ኪዳን ኪስ ውስጥ ከርሞ ለከተራ ደረሰኝ። አንብቤ ተቆጣሁ፣ አጥፌ አስቀመጥሁት። ክርስትና የተነሣሽበትን ውሃና የፈረንጅ ጥራጊን በአንድ ወረቀት መጻፍሽ አላስደሰተኝም። ሰው ስላስመለሰ መርዝ ነው ትያለሽ። ጸበል ሲያስመልስ አዲስ ነገር ነው? አባቶቻችን ያዩት ነው።

ይሁን። ጠይቀሻልና እመልሳለሁ። መምረር የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። ካባው የተከፈተው ከዚያ በፊት ነው። ርቀቱ ከላይ ሰው ቢጣራ ከታች የሚሰማበት ያህል ነው። ቀለሙ እንደ ቅራሪ ነው፤ አረፋም ይይዛል። ሽታው ዝናብ በጣለ ማግስት ይብሳል። የሚደፋውን አላየሁም፤ ደባሱን ስጠይቀው “ወረቀትና ላስቲክ ነው አባ፣ አብሽሩ” ይለኛል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምርልሽ። ከጸበሉ የሚተርፈው ውሃ በሚወርድበት በኩል ያለው ቄጠማ ደርቋል። ደግሞ ድሮ ጸበሉ አንዱን አስመልሶ ሌላውን ይተው ነበር። አሁን ማንንም አይተውም። ይህ የኃይል መጨመር ነው ብዬ አስተምሬያለሁ።

ብርዱ በርትቷል። ለሴቶቹ ከግንቡ ሥር ለብቻ ከልለንላቸዋል፣ እናትሽም ከነፋሱ ተርፋለች። ቆርቆሮው ቢኖር ግን ሌላ ነበር።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ

*

ካሰል
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

መስቀልዎን ተሳልሜያለሁ።

እናቴ ጸበል መግባቷን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። “ከነፋሱ ተርፋለች” የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት። መቼ ገባች? ምኗን ታመመች? በየቀኑ ትጠጣለች? በጥቅምት “ደህና ናት” ብለው ሲጽፉልኝ እዚያው አጠገብዎ ነበረች?

ያውጡልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

አያምኑኝም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ በምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ እጅ አንድ እሽግ ልኬያለሁ፣ ኪዳን ተቀብሎ ያመጣልዎታል። ዱቄት ነው፣ ደረቁን ሲያዩት የተፈጨ ጡብ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይለወጣል። ሰው አይጎዳም፤ ውሃ በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ የምንጠቀምበት ነው። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ካባው ውሃ ሲቋጥር እዚያ ውስጥ ይድፉት። ከዚያ ጸበሉን ይመልከቱ። ቀለሙ ከታየ የካባው ውሃ ጸበሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ካልታየ ተሳስቻለሁ፤ ቆርቆሮውን እልካለሁ፣ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣውም።

ለማንም አይንገሩ። ወሬው ከወጣ አንዱ ምንጩ ላይ ይበትንና ፈተናው ይበላሻል።

ፅናት

*

ጭንጫ ማርያም
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅናት፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። እሽጉ ደርሶኛል።

እናትሽ የገባችው በጳጉሜን ነው። ሆዷን እያመማት ነበር። “ለልጄ እንዳይነግሩብኝ፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች” ብላ ቃል አስገባችኝ። ቃሌን ጠብቄ አንቺን ዋሸሁሽ፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ አልተቻለኝም። ሰውነቷ ቀንሷል። ይህንን አልደብቅሽም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሄድሁላት።

“አሰለች፣ ልጅሽ ውጪ ብላለች” አልኋት።

“ጳጳስ ሆነች እንዴ?”

“ውሃው ቆሻሻ ነክቶታል ነው የምትለው።”

“ቆሻሻው ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው፤ እሱን ነው የሚያወጣልኝ። ደግሞ እሷ ያን ሁሉ ዘመን የተማረችው የሰው አገር ጥራጊ ልትጠብቅ ነው?”

ተነሥታ ጣሳዋን ይዛ ወደ ምንጩ ሄደች። ስትራመድ ግድግዳ እየተደገፈች ነው።

ደባሱንም አነጋገርሁት። ሌላ ቦታ ብትደፉትስ አልሁት።

“የት ልድፋው አባ? አሸተን ማርያም ተራራ ጫፍ ላይ ልውጣ?”

“ውሃው ወደ ታች ይወርዳል ይላሉ።”

“እኔ ለፈረንጅ ‘እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት ዝናቡ በየት እንደሚወጣ ነው’ እያልሁ ነው የኖርሁት። አሁን ደግሞ እርስዎ እኔን ሊያስጎበኙኝ ነው?”

“አንተስ አስበህ ነበር?”

“እኔ ያሰብሁት እራቴን ነው” አለኝ።

በፈተናው እስማማለሁ። ካልታየ ግን ቃልሽን እንዳታጥፊ።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ

*

ካሰል
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ከየካቲት ወዲህ ወሬ የለም። በየማታው ስልክ እሞክራለሁ፤ የምትመልስልኝ ያቺ “ማግኘት አይችሉም” የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት። ዘነበ? ደፉት? እናቴ ቆማ ትሄዳለች? አንድ መስመር ይበቃኛል።

ፅናት

*

ጭንጫ ማርያም
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅናት፤

ትንሣኤውን አብረሽን ባትሆኚም እንኳን አደረሰሽ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ደህና ዝናብ ጣለ። ሰንበት ስለነበር መኪናው አልመጣም። ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ወደ ካባው ወጣሁ። ከባረክሁት ወዲህ ወደ ውስጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ወረቀትና ላስቲክ ብቻ አይደለም። መርፌ አለ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ አለ፣ የሞተ ውሻ አለ። የቋጠረው ውሃ ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ ዘይት ያበራል። ዱቄትሽን ደፋሁና ወረድሁ።

ከዚያ ምንም የለም። ሳምንቱ አለፈ፣ ምንም የለም። ተሳስታለች ብዬ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዐርብ ጧት ፀሐይ ምንጩ ላይ ስታርፍ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ አበራ። አንቺ “ይለወጣል” አልሽኝ እንጂ እንዲህ ያበራል አላልሽኝም። መጀመሪያ ያየችው ከኩልመስክ የመጣች ሴት ናት። “የማርያም መቀነት ወረደ” ብላ እልል አለች። እዚህ ቀስተ ደመናን ምን ብለን እንደምንጠራው ረስተሽዋል መሰለኝ። አረንጓዴው ከወረደ ቢጫውና ቀዩም ይከተላል እያሉ ሰው ጎረፈ። ለፋሲካ መንገዱ ማለፊያ አልነበረውም። ቀለሙ እየደበዘዘ ቢሄድም ሰው አልቀነሰም። እናትሽ ያን ቀን ከወትሮው እጥፍ ጠጣች።

“አባ፣ ምን ይላሉ?” አሉኝ። መስቀሌን ይዤ በመካከላቸው ቆሜያለሁ።

“እመቤታችን ታውቃለች” አልሁ።

ውሸት አልተናገርሁም። እውነትም አልተናገርሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቀድስ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

እኔ የማውቀውን ማንም አያውቅም። ግንቦት ልደታ ደግሞ ቀርቧል፤ አገር ሁሉ እዚህ ነው የሚውለው። ከልደታ በኋላ ክረምት ነው። ምን ላድርግ? በዚህ አንቺ መምህር፣ እኔ ተማሪ ነኝ።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ

*

ካሰል
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፤

መስቀልዎን ተሳልሜያለሁ። ኪዳን ነገ ወደ ላሊበላ ይበርራል፣ ስለዚህ በችኮላ ነው የምጽፈው።

ለማንም አይንገሩ ያልሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቀለም ከመጨመራችን በፊት ለነዋሪው በየቤቱ እንነግራለን። ለእናንተ ግን አይነገር አልሁ። ለምን እንደዚያ እንዳሰብሁ ራሴን እየጠየቅሁ ነው፣ መልሱም አያስደስተኝም። ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት እንደምንለው እንኳ ያስታወስሁት ደብዳቤዎን ሳነብ ነው።

ይንገሯቸው። ከልደታው አያሳልፉት። ቀለሙ በመጣበት መንገድ ከመርፌውና ከጠርሙሱ የሟሟው ሁሉ መጥቷል ይበሏቸው።

ቀጥሎ ክረምቱ ሳይገባ ካባው ውስጥ አዲስ ቆሻሻ አይደፋ። ከካባው በላይ ካለው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ በላይ በኩል ዞሮ የሚያሳልፍ ቦይ ይቆፈር። ያለው ቆሻሻ ሸክላ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት አፈር ይሸፈን፤ ወፍራም ይሁን፣ ይደልደል፣ ውሃ እንዳያቁር ወደ ዳር ይዝመም። ይህ መድኃኒት አይደለም። የገባው ገብቷል፣ ለዓመታት ይወጣል። ግን ከላይ የሚገባው ከቀነሰ ከታች የሚወጣውም ይቀንሳል። እስከዚያ የሚጠጣው የቦኖ ውሃ ነው፤ ቦኖው ከካባው በላይ ስለሆነ አይነካውም።

እናቴን ተሸክመውም ቢሆን ያውጡልኝ።

ፅናት

*

ጭንጫ ማርያም
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፅናት፤

ላንቺ ሰላም፣ ለምትቀጂው ውሃ ንጽሕና ይሁን። የዘገየሁት እጄ ስላበጠ ነው። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ለልደታ ሰው እንደ አሸን ፈላ። ንፍሮው ከተበላ በኋላ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ተናገርሁ። “ያያችሁት ቀለም የእመቤታችን መቀነት አይደለም። ከጀርመን የመጣ ዱቄት ነው። ካባው ውስጥ የጨመርሁት እኔ ነኝ። እሱ ወደዚህ ከወረደ ሌላውም ወርዷል” አልሁ።

ከዚያ ያቺ የኩልመስኳ ሴት ተነሣች።

“አባ፣ እርስዎ ይጨምሩት። ያስጨመረዎት ማን ነው?”

ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ እልልታው ቀለጠ። ብክለት የሚለውን ቃል ደግሜ ደጋግሜ ተናገርሁ። አንድ ሽማግሌ “እሱ የሬድዮ ቃል ነው አባቴ፣ ይተዉት” አሉኝ። እኔ እያወራሁ ሰው ለመቅዳት ይሰለፍ ጀመር። እናትሽም ተሰልፋለች።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ገዘትሁ። “በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ ይህን ውሃ የጠጣም ያጠጣም ውጉዝ ይሁን” አልሁ። ጣሳቸውን ከእጃቸው ያኖሩት ያን ጊዜ ነው። መርፌውን ነግሬአቸው አልፈሩም፣ ግዝቱን ፈሩ። ጸበል ሲገዘት እኔም ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምላሴ መረረኝ።

ሕዝቡ ተበተነ። እየረገመኝ የሄደ አለ። የበላይ አባቶች አስጠርተውኝ ነገሩ እስኪታይ እንዳልቀድስ ነግረውኛል። ተቀብያለሁ። የሚያስጨንቀኝ ይህ አይደለም። ሌላ ካህን መጥቶ ግዝቱን ቢፈታስ? ሰዉ ደጅ ላይ ጣሳውን አንጠልጥሎ እየጠበቀ ነው።

ደባሱ በማግስቱ መጣ።

“እንጀራዬን ገዘቱት አባ።”

“እኔ የገዘትሁት ውሃውን ነው።”

“መኪናዬ ላይ ድንጋይ እየተወረወረ ነው። ያን ጉድጓድ በመስቀልዎ የባረኩት ማን ነበር?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ከሁለታችን ማን ያጠፋ ይመስልዎታል?”

“ሁለታችንም” አልሁት። ተራግሞ ሄደ። ወደ ካባው መደፋት ቆሟል። መኪናው ግን ከከተማ ተጭኖ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። የት እንደሚያራግፍ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ በላስታ ከሥሩ ሰው የሌለበት ገደል የለም።

ቦዩን ጀምረናል። የምንቆፍረው እኔ፣ ይታገሱ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛና ሁለት ዲያቆናት ነን። መቋሚያ የለመደ እጅ ዶማ ሲይዝ እንዲህ ያብጣል። ሸክላ አፈሩን የሚጭን አህያ ስንለምን፣ “የማርያምን ጸበል ለዘጋ ሰው?” እያሉ በር ይዘጉብናል። አንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻ አህያዋን ሰጠችን፤ እሷም የሰጠችን “አፈሩን አብዝታችሁ እንዳትጨርሱብኝ” ብላ አሳስባ ነው።

እናትሽ ቤቷ ናት። ሁለት ሳምንት ያህል አላነጋገረችኝም። ጤና ጣቢያ ወስጃት መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ኩላሊቷ እንዲታይ ደሴ ሂዱ ብለዋል፣ መንገዱ ደህና ሲሆን እወስዳታለሁ። ከቦኖው ነው የምትጠጣው። ማስመለሱ ቆሟል። ትናንት ጎራ ብል ቆሎ እየበላች አገኘኋት።

“አዩ አባ፣ ጸበሉ ጨርሶ አወጣልኝ። እርስዎ ባይገዝቱት ኖሮ ለሌላውም ይደርስ ነበር” አለችኝ።

ከቆሎው አካፍላኝ በላሁ።

ስለ ቆርቆሮው ተይው። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ቦዩ ገና ከግማሽ አላለፈም፣ አፈሩም አልለበሰም። ደመናው ዛሬ በአሸተን በኩል ጠቁሯል። ገበሬው ዘሩን ይዞ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፣ እኔም ምሕላ ላይ ቆሜ “ዝናቡን አውርድልን” እላለሁ፤ ከቅዳሴ ቢያግዱኝ ከምሕላ አላገዱኝም። በሰኔ ዝናብ ይዘግይ ብሎ የጸለየ ቄስ በዚህ አገር አልተሰማም፣ እኔም አፌ አይታዘዘኝም። አንቺ እዚያ ሆነሽ ማንም አይሰማሽም። አንድ ሳምንት ብቻ እንዲያቆየው ጸልዪልኝ።

አጎትሽ ገብረ ሊባኖስ